ሩፋኤል የት ገባ?

ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ፣ በአንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ የአሥር ዓመት ዝናብ ለጥፈን ነበር። ሰማያዊ ዘንጎች፣ ከሥራቸው የወራት ስም፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። የሐምሌና የነሐሴ ዘንጎች እንደ ባሕር ዛፍ ተመዝዘው ቆመዋል፤ የመስከረሙ ከጉልበታቸው በታች ነው። ያየ ሁሉ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ዝናቡ ከነሐሴ ጋር ይሰናበታል። ከግራፉ የሚከተለው ምክርም በሌላ ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር፤ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ምስርና ጓያ የሚዘራ ሰው እርጥበቱ ሳያመልጠው ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቢዘራ ይሻለዋል የሚል።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግራፉን ሲያዩት ቆዩና፣ "ልጄ፣ ሩፋኤል የት ገባ?" አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ የቤተ ክርስቲያን ነገር መስሎኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ያን ዓመት እኮ በሩፋኤል የጣለው የታችኛውን ማሳ ውጦት ነበር። ልጆቹ ሁሉ ተጠምቀውበታል። እዚህ ላይ ግን የለም።" ሩፋኤል ጳጉሜ 3 ነው። ዘወር ብዬ ዘንጎቹን ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። በአሥራ ሦስት ወር አገር፣ አሥራ ሁለት ዘንግ።

ጥያቄያቸው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ዳታ መረጃ ይሆናል፣ መረጃ ዕውቀት፣ ዕውቀት ጥበብ እየተባለ ክፍል ውስጥ የሚሳለው መሰላል የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደብተሩ ላይ ነበር

የዝናብ ደብተሩ ተፈልጎ መጣ። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። ገጹ ሲገለጥ፣ "ጳጉሜ 4፦ 27.4" ይላል። ከጎኑ በደቃቅ ፊደል፣ "ትናንት ከ9 ሰዓት ጀምሮ፣ ነፋስ ነበረው"።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱ የተሰጠውን አደራ ጠብቋል፤ ኮምፒውተሩም ቢሆን የሰጡትን አልጣለም። ነገሩ የተበላሸው በሁለቱ መካከል፣ ደብተሩ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ ነው። ለገልባጩ የተሰጠው ቅጽ 12 ዓምድና 31 ረድፍ ነበረው። በእኛ አቆጣጠር 31ኛውን ረድፍ የሚፈልግ አንድም ወር የለም፤ 13ኛ ዓምድ ግን የግድ ነው። የማያስፈልገንን ሰጥቶ የሚያስፈልገንን ነሳን ማለት ነው። "ማስታወሻ" የሚባል ዓምድ ደግሞ ጭራሹን አልነበረውም።

ገልባጩ ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ጳጉሜን ዘለለው። እሱን የተካው ሁለተኛው ደግሞ ዕቃ ማባከን የማይወድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ከነሐሴ 30 በታች ባዶዋን የቀረችውን 31ኛ ረድፍ አየና የጳጉሜን ቀናት ድምር እዚያ ከተተው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት ጳጉሜ የለም፤ በመጨረሻዎቹ 4 ዓመታት ነሐሴ 35፣ አንዴም 36 ቀን አለው። ይህን ሳያውቅ መስመር ያሰመረበት ሰው "ነሐሴ ከዓመት ዓመት እየረጠበ ነው" የሚል ግኝት ያገኛል። ግኝቱ ቁጥር አለው፣ ሥዕል አለው፣ አቅጣጫ አለው። የተገኘው ግን የገልባጮቹ መቀያየር እንጂ የሰማዩ ነገር አይደለም።

ከ27.4 በስተጀርባ

ቁጥሩን ብቻውን እንየው። 27.4 ምንም አይናገርም። የሙቀት መጠን ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ገበሬ የስንዴ ኩንታል ሊሆን ይችላል። ዳታ የሚሆነው የመለኪያ አሃዱ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ መሣሪያውና የለካው ሰው አብረውት ሲሄዱ ነው። አንዳቸው በጎደሉ ቁጥር ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ስሕተቱን ከሩቁ ለመለየት ይረዳል።

የመለኪያ አሃዱ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንለው፣ 27.4 ሚሊ ሜትር በአንድ ጥማድ ላይ 68,500 ሊትር አፍስሷል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 342 ተኩል። ለታችኛው ማሳ መዋጥ ምስክር የሚፈልግ ሰው ይህን ያህል ይበቃዋል።

መሣሪያው ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ያልፋል፤ እኔ ግን እዚህ መቆየት እወዳለሁ። በብዛት ከሚገኙት የዝናብ መለኪያዎች አንዱ አፉ 203 ሚሊ ሜትር ስፋት (ዲያሜትር) አለው፤ ሌላው 127። በመጀመሪያው 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 32.4 ሚሊ ሊትር ውሃ ያጠራቅማል፤ በሁለተኛው 12.7 ብቻ። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ የመስፈሪያ ብርጭቆ አለው። ብርጭቆ ደግሞ ይሰበራል። የተሰበረው በሌላ ጣቢያ ብርጭቆ ይተካል፤ ለዓይን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የትንሹን ብርጭቆ ለትልቁ መለኪያ ያዋለ ሰው እውነተኛውን 10 ሚሊ ሜትር 25.6 ብሎ ያነባል፤ የትልቁን ለትንሹ ያዋለ 3.9 ይላል። ብርጭቆ በተሰበረበት ቀን የአገሩ የአየር ንብረት ተለወጠ ማለት ነው። ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ዘዴ አለ፦ የጣቢያውን ዝናብ ከዓመት ዓመት እየደመሩ፣ በአንድ በኩል የጎረቤት ጣቢያዎችን አማካይ ድምር፣ በሌላ በኩል የራሱን ድምር አድርጎ መስመር መሳል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኖረ መስመር ድንገት ተሰብሮ 2.5 ጊዜ ያህል ቢቀና ወይም ወደ 0.4 ቢያዘነብል፣ ሰማዩን ትታችሁ ብርጭቆውን ጠይቁ።

ቦታውም እንዲሁ ነው፤ ስሕተቱ ግን ቀስ ብሎ ይመጣል። መለኪያው ከዛፍም ሆነ ከቤት ቢያንስ የከፍታቸውን እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። መለኪያው ሲተከል ከ6 ሜትር ርቀት ላይ የነበረው የባሕር ዛፍ ችግኝ ጉልበት አይደርስም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ጣራ አልፎ በነፋስ የሚመጣውን ዝናብ ይጋርዳል። ደብተሩ ላይ ዝናብ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ይታያል። ባሕር ዛፍ ባልጠፋበት በእኛ ሰሜን ሸዋ፣ "ዝናብ እየቀነሰ ነው" ከማለት በፊት ወደ ግቢው ወጥቶ ቀና ማለት ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ደግሞ የእናቲቱንና የደብተሩን ጠብ ይፈታል። መለኪያው የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። የክረምት ዝናባችን ግን በብዛት ከሰዓት በኋላና ማታ ይጥላል። ጳጉሜ 4 ጠዋት ብርጭቆ ውስጥ የተገኘው ውሃ የጣለው በዋዜማው፣ በሩፋኤል ነው። እሳቸው "ሩፋኤል" ሲሉ ልክ ናቸው፤ ደብተሩም "4" ሲል ልክ ነው። "ቀኑ የተነበበበት ቀን ነው" የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ሁለት እውነተኞች ባልተካሰሱ። "3 ሰዓት" የምትለውም ራሷ ወጥመድ ናት፤ ሳይቀይር 03:00 ብሎ ያስገባ ሰው ንባቡን ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ወስዶታል።

የቀረው ባዶነት ነው። በደብተር ላይ አራት ዓይነት "ምንም" አለ፦ አልዘነበም (0.0)፣ ጠብ ጠብ ብሎ ሊለካ አልቻለም፣ አልተነበበም፣ ተነቦ አልተጻፈም። ኤክሴል ሁሉንም አንድ ዓይነት ባዶ ሳጥን ያደርጋቸዋል፤ አንዳንዴም ገልባጩ "ክፍት ከሚሆን" ብሎ 0 ይሞላል። ለማስረዳት ያህል፣ በ30 ቀን ወር ውስጥ በ25ቱ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ተለክቶ አንባቢው ለቅሶ ሄዶ 5 ቀን ቀረ እንበል። ክፍቱ ክፍት ሆኖ ቢቆይ አማካዩ በቀን 8 ነው፤ በ0 ከተሞላ ወደ 6.7 ይወርዳል። ብዙ ቦታ እንደሚደረገው -99 የሚል ምልክት ተጽፎ ሳይጣራ ከተደመረ የወሩ ዝናብ ከዜሮ በታች 295 ይሆናል። ሰው በሦስተኛው ይስቃል። እኔ ግን ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው፤ ከዜሮ በታች የዘነበ ዝናብ ማንም ሳይጠይቅ አያልፈውምና። ዜሮው ነው የሚያስፈራው፤ ሰላማዊ ይመስላል።

አንባቢው ከለቅሶ ሲመለስ የአምስት ቀኑን ጥርቅም በአንድ ቀን ከጻፈውማ፣ ያልዘነበ ዶፍ ተመዘገበ። ለጎርፍ መውረጃ ቦይ ስፋት የሚያሰላ መሐንዲስ የሚፈልገው የቀኑን ከፍተኛ መጠን ስለሆነ፣ ያቺ ቁጥር ኋላ ሲሚንቶ ታስበላለች። በዳሯ ላይ "የ5 ቀን ጥርቅም" የሚል ማስታወሻ ተጽፎ ነበር፤ ቅጹ ግን ማስታወሻ አይቀበልም።

ጳጉሜን የማያውቅ ኤክሴል

ቅጹን ጥሎ ቀኑን በአንድ ዓምድ፣ ዝናቡን በሌላ ዓምድ መጻፍ የተሻለ ነው። ግን ሌላ ጉድ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ወር ቀድሞ በሚጻፍበት በአሜሪካ አቀማመጥ የተዋቀረ ከሆነ፣ 4/13/2010 ብሎ የጻፈ ሰው ጳጉሜ 4 ያለ ይመስለዋል፤ ኤክሴል ግን "ኤፕሪል 13" ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። አምስቱ የጳጉሜ ቀናት ጃንዋሪ 13፣ ፌብሩዋሪ 13፣ ማርች 13፣ ኤፕሪል 13፣ ሜይ 13 ሆነው ይበተናሉ። አራቱ በልግ ውስጥ ናቸው። የክረምት መውጫ ዝናብ በልግን አረጠበ ማለት ነው! ቀን ቀድሞ በሚጻፍበት አቀማመጥ ደግሞ 13ኛ ወር ስለሌለ የተጻፈው ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ በወር ሲደመርም ሳይታይ ይወድቃል። ጥቅምት 30ም ዕጣው ይኸው ነው፤ በፈረንጅ የ2ኛው ወር 30ኛ ቀን የለምና።

የሚሠራው መንገድ እንዲህ ነው። ዓመት፣ ወር (ከ1 እስከ 13) እና ቀን በሦስት ዓምድ፣ እንደ ተራ ቁጥር ይጻፉ። ወራችን እኩል 30 ቀን ስለሆነ የዓመቱን ቀን ማግኘት ፈረንጆቹ ሊቀኑበት የሚገባ ስሌት ነው፦ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንስ፣ በ30 አባዛ፣ ቀኑን ደምር። ጳጉሜ 4 ማለት 12 ሲባዛ በ30፣ ሲደመር 4፣ 364ኛው ቀን። ወደ ጎርጎርዮስ ለመውሰድ ዓመቱ ላይ 7 ደምሮ የሴፕቴምበር 11ን ቀን መነሻ ማድረግ፤ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ (ዘመነ ዮሐንስ) መነሻው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ የዓመቱን ቀን ደምሮ 1 መቀነስ። የተቀየረው ቀን በራሱ ዓምድ ይቀመጥ እንጂ የመጀመሪያው አይሰረዝ።

ግልበጣውን ሁለት ሰው ለየብቻ ይሥራው። የአንዱን ዓምድ ከሌላው ቀንሱ፤ ዜሮ ያልሆነ ሁሉ ወደ ደብተሩ ይመለስ። ሥራው እጥፍ ሆነብን የሚል ይኖራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የእኛን አሥር ዓመት እንደገና ለመገልበጥ የወሰደው ጊዜ መጀመሪያ በሁለት ሰው ቢሠራ ከሚወስደው በላይ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ካሜራ ፎቶ ተነሥቶ ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሥሩ ደብተሩ ነው። ደብተሩን ደግሞ አይጥ ይበላዋል።

ማጠቃለሉ ላይ ደግሞ በወር ከመደመር ይልቅ በአሥር አሥር ቀን መክፈል ይሻላል። ሠላሳው ቀን ያለ ቀሪ ለሦስት ይከፈላል፤ በዓመት 36 ባለ አሥር ቀን ክፍሎችና አንዲት ባለ አምስት ቀን ጳጉሜ። ጳጉሜን ከሌሎቹ ጎን በድምር ብታቆሟት ድንክ ትመስላለች፤ ሁሉንም በቀን አማካይ ብትስሉ ግን በቁመቷ ትታያለች። በአሥር ዓመት ውስጥ ከቦታው የጠፋው የአንድ ሩፋኤል ዝናብ ብቻ አልነበረም። ስድስተኛዋ ቀን ስትጨመር ቢያንስ 52 ቀን ነው።

"ለምን" የሚለው እርከን

አማርኛችን ለዳታም ለኢንፎርሜሽንም "መረጃ" ይላል፤ ሲጨንቀን የታችኛውን "ጥሬ መረጃ" እንለዋለን። ይህ ድህነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። መረጃ ከ"ተረዳ" የመጣ ነው፤ የሚረዳ ሰው ይፈልጋል። መርዶ የሰማ ሰው እንኳ "ተረዳ" ነው የሚባለው፤ ወሬው ደጅ መድረሱ አይበቃም፣ ሰውየው ቤት መግባት አለበት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ግራፍ ገና ማንም አልተረዳውም።

አሜሪካዊው የአስተዳደር ምሁር ራስል አኮፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያስቀመጠው አምስት ነገር ነበር፦ ዳታ፣ መረጃ፣ ዕውቀት፣ መረዳት፣ ጥበብ። መረጃ "ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ስንት" ለሚለው ይመልሳል፤ ዕውቀት "እንዴት" ለሚለው፤ መረዳት "ለምን" ለሚለው። በኋላ በየመማሪያው የተሳለው ፒራሚድ መረዳትን ዘልሎ አራት አድርጎታል። እዚያም አንድ ዓምድ ጎድሏል ማለት ነው፤ የጎደለውም "ለምን" የሚለው።

ማርቲን ፍሪኬ የተባለ ምሁር ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ፒራሚዱን ራሱን ተቃወመ። ከተቃውሞው አንዱ፣ ሥዕሉ "መጀመሪያ ዳታ ሰብስብ፣ ትርጉሙ ኋላ ይመጣል" የሚል ልማድ ያበረታታል የሚል ነው። ይህን ያነበብኩት ከሩፋኤል በፊት ነበር፤ የገባኝ ከሩፋኤል በኋላ ነው። እኛ ዳታውን ሰብስበን ወደ ላይ የወጣን መስሎን ነበር። ግን ገና ደብተሩ ሳይገለጥ፣ ቅጹን የሠራው ሰው ዓመት ስንት ወር እንዳለው፣ ማስታወሻ ዋጋ እንዳለውና እንደሌለው ወስኖ ጨርሷል። ያ ውሳኔ ፍርድ ነው። ከፒራሚዱ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ነገር ከመሠረቱ በፊት፣ ያውም ሳይታወቅ፣ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ቅጽ ማዘጋጀት በየመሥሪያ ቤቱ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መረሬው

ወደ ምክሩ ልመለስ። ምስር በነሐሴ አጋማሽ ይዘራ ያልነው ዝናቡ ከነሐሴ ጋር ያበቃል ብለን ነው። ጳጉሜ ቦታዋ ስትመለስ ምክሩ ለምን አደገኛ እንደሆነ የሚያስረዳው አፈሩ ነው።

መረሬ ሸክላው የበዛ ጥቁር አፈር ነው፤ በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባል። ከረጠበ በኋላ ሸክላው አብጦ ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ከዚያ የሚመጣው ውሃ መግቢያ አጥቶ ማሳው ላይ ይተኛል። እንደ ምስር ያለ ጥራጥሬ እዚህ ውሃ ውስጥ ሲዘራ ዘሩ አየር ያጣል፤ ይበሰብሳል፣ የበቀለውም ሥሩ ይታመማል። የጅሩ፣ የእነዋሪ አካባቢ ገበሬ ጥራጥሬውን እስከ ክረምት መውጫ የሚያቆየው ስንፍና ይዞት አይደለም። ማሳው ውሃውን እስኪተፋ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰብሉ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይኖራል። በጣም ከቆየ ደግሞ እርጥበቱ ሳያፈራ ያልቅበታል። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ላይ ጳጉሜ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ጥያቄው "አማካዩ ስንት ነው?" ሳይሆን "ከአሥር ዓመት በስንቱ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ማሳው ላይ ውሃ ተኛ?" መሆን ነበረበት። አማካይ ለዘሪ ሰው ብዙም አይጠቅመውም፤ ማንም በአማካይ ዓመት ውስጥ አይዘራም። በሦስት ዓመት አንዴ ዘሩ የሚበሰብስ ከሆነ፣ በሁለቱ ዓመት ያገኘው ትርፍ የሦስተኛውን ዘር ይከፍላል ወይ ብሎ የሚያሰላው እሱ ነው። ዘሩን የተበደረና ከጎተራው ያወጣ ሰው በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ የተለያየ ውሳኔ ቢሰጡ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ያንን ኤክሴል አያየውም።

ዕውቀት ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እንደማይሄድ ሌላም ምስክር እዚያው እነዋሪ አለ። ሴቶችና ልጆች የታረሰውን መረሬ በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠራሉ፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው መደቡ ላይ ይተርፋል። ማንም ሚሊ ሜትር አልቆጠረላቸውም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠራ። ማሳው ላይ ሲኖር የነበረው ብልሃት ኋላ ተለክቶ ዳታ ሆነ፤ የመደቡ ስፋት፣ የቦዩ ጥልቀት፣ የሄክታሩ ምርት። መሣሪያው ወገብ ያድናል። ግን ቦዩ ወደ ማን ማሳ ይፍሰስ? የላይኛው ሰው ውሃውን ሲያወጣ የታችኛው ሰው ይሰምጣል። የቦዩን መጨረሻ የሚወስነው የጎረቤታሞች ሽምግልና ነው፤ እሱን የሚሞላ ሳጥን በየትኛውም የምርምር ቅጽ ላይ አላየሁም።

ጓያን ማን ይመርጣል?

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስለ ጥበብ ሳወራ ሁሌ ወደዚህ እመለሳለሁ። የተስተካከለውን የዝናብ ዳታ፣ የአፈሩን ዓይነትና የእያንዳንዱን ሰብል ጠባይ አስገብታችሁ "ለዚህ ማሳ የማያሳፍረው ሰብል የቱ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጓያ ከፊት ይሰለፋል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢቀርበትም ይችላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ብዙ ማረስ አይፈልግም። ስሌቱ ምንም ስሕተት የለበትም።

ነገር ግን ጓያ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የባሰው ነገር፣ ሌላ ሰብል ሁሉ በደረቀበት ዓመት የሚተርፈው እሱ መሆኑ ነው። አደጋ የሚሆነው ልክ በጣም ጠቃሚ በሚመስልበት ጊዜ ነው።

አኮፍ ሥራን ቀልጥፎ መሥራትና ትክክለኛውን ሥራ መሥራት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ጥበብን ከሁለተኛው ጋር ያያይዘዋል። በጓያ ላይ ይህ ልዩነት እግር ያስከፍላል። ዳታው ሲጠራ፣ ሲበዛና ሲፈጥን መልሱ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኖ "ጓያ" ይላል። "ቤተሰቡ ሌላ ምን ይበላል?" የሚለው ጥያቄ ከዝናቡ ደብተር አይወጣም። መልሱ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ጎተራውን የምታውቀው ደግሞ እናት ናት።

በሽታውን የሚያውቅ አገር ግን ስለ መንስኤው የተሳሳተ ነገርም ያምናል፤ የጓያ እንፋሎት ያሽመደምዳል፣ ማሳው መሐል ማለፍ ያሽመደምዳል የሚሉ አሉ። ያ ልክ አይደለም። የሕዝብ ጥበብ ያልኩትን ሁሉ እንዳለ ዋጡት አለማለቴም ለዚህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ይህ ለኤክሴሉም ለአባባሉም ይሠራል።

አዲሱ ቅጽ

ግራፉ ከግድግዳው ወረደ። የዘር ቀኑ ምክርም አብሮ ወረደ፤ በምትኩ "ከዚህ አሥር ቀን በኋላ ከአሥር ዓመት በስንቱ ውሃ ተኛ" የሚል ሰንጠረዥ እየተሠራ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሁለቱ ጳጉሜ ገጽ ደብተሩ ላይ ስለሌለ ሰንጠረዡ ላይ ክፍት ሆነው ይቀመጣሉ። ዜሮ አይጻፍባቸውም።

አዲሱ ቅጽ 13 ዓምድና 30 ረድፍ አለው። በስተቀኝ ሰፊ የማስታወሻ ቦታ፤ ከላይ የመለኪያው አፍ ስፋት፣ የብርጭቆው ዓይነት፣ በአቅራቢያው ያለው ዛፍ ርቀትና ቁመት፣ እና "ቀኑ የተነበበበት ቀን ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት" የምትል መስመር። ለ"ጠብ ጠብ" አንድ ፊደል፣ ለ"አልተነበበም" ሌላ ፊደል ተወስኗል። አሥራ ሦስተኛው ዓምድ ስድስት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ ከሥሩ ያለው ጠቁሯል። እናቲቱ ቅጹን ሲያዩ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው፣ "ይኸው እዚህ ነው" አሉ። "አይደለም እናቴ፣ የሩፋኤሉ አራተኛው ላይ ነው የሚጻፈው፤ ጠዋት ነው የምናነበው" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "ታዲያ እንዲያ ብላችሁ ጻፉበት" አሉ። ከአራተኛው ሳጥን ጎን "የሩፋኤል ዝናብ" ተብሎ ተጻፈ። ስድስተኛዋ ሳጥን እስከ 2019 ድረስ በሰረዝ ተዘግታ ትቆያለች።